ከዚሩ ሥር ያለው ገል

ባለፈው ሳምንት ዶካ ገበያ ወርጄ አዲስ ዚር ገዛሁ። ዚር ማለት እዚህ ሱዳን በየደጁ ጥላ ሥር የሚቆመው፣ ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ ሾጠጥ ያለው የውኃ እንስራ ነው፤ ላዩን ሲያልበውና ከታቹ ሲንጠባጠብ ውስጡ ይቀዘቅዛል። አሮጌው ተሰንጥቆብኝ ነው። ከደጄ ካለው ኒም ዛፍ ሥር፣ በእንጨት መቆሚያው ላይ አቁሜ የመጀመሪያውን ውኃ ሳፈስበት ያ ሽታው ወጣ፤ የደረቀ ሸክላ ውኃ ሲጠጣ የሚሰጠው፣ የበልግ ጠብታ የነካው አቧራ የሚመስል ሽታ። ጉልበቴን ይዤ ቁጭ አልሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ነገር ትናንት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የመተማ ቆላ ልጅ ነኝ። እናቴ ሞታ የሚጠብቀኝ ሰው ስለጠፋ፣ አባየ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ሲሻገር እኔን አስከተለኝ፤ እኔ ደግሞ መከታን አስከተልሁ። መከታ ውሻዬ ነው፤ ቀይ፣ አንዱን ጆሮውን ጅብ ከሥሩ የወሰደበት፣ ጅራቱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ። አባየ ሁለት ሦስት ጊዜ በድንጋይ ሊመልሰው ሞከረ፤ እሱ ግን ራቅ ብሎ፣ እንደማያውቀን መንገደኛ ወዲያ ወዲያ እያየ ተከተለን። ድንበሩን ካለፍን በኋላ አባየም ተስፋ ቆረጠና፣ «በል ይምጣ እንግዲህ፤ ያለ ወረቀት የሚሻገር እሱ ብቻ አይደለም» ብሎ ሳቀ።

ያረፍንበት እርሻ ከዶካ ወዲህ፣ ዓይን እስኪደክም ሜዳ የሆነ ቦታ ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ ይታሰርና እስሩ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ የምንለው ያንን ነው። ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ፍየል ከታከከችው ያ ሁሉ ልፋት መሬት ነው። የእኔና የመከታ ሥራ ሂላ መጠበቅ ሆነ። ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነበር። ፍየል ሲመልስ አይነክስም፤ ከፊቷ ይተኛና ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ እሷም ያፈረች ይመስል ዞራ ትሄዳለች። አጫጆቹ፣ «ይኸ ውሻ የዳኛ ዘር አለበት፤ አገራችን ስንገባ ሙግታችንን እሱ ያየዋል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የእርሻው ወኪል እናት ሐጃ ዘይነብ በመንገዱ ዳር ዚር አቁማ ነበር፤ እስላም ክርስቲያን ሳትል ያለፈ ያገደመው ሁሉ እንዲጠጣ። ክዳኑ እንጨት ነው፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ከጎኑ ጣሳ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ መከታ ከፍየል ጋር ሲከራከር ውሎ ምላሱ መሬት ሊነካ ደረሰ። አሳዘነኝ። ክዳኑን አነሣሁና በጣሳው ቀድቼ አጠጣሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በእኛ አገር ውሻ የላሰውን ዕቃ አለቅልቀን እናስቀምጠዋለን፤ በእነርሱ ሃይማኖት ግን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር። ይህን እኔ ከየት ልወቅ! ሦስተኛውን ቀድቼ ጣሳውን መሬት አኖርሁለትና ሂላውን ለማየት ሄድሁ። ዞር ስል ወኪሉ ከመከታ ራስ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ዚሩ ክፍት፣ ጣሳው በውሻ አፍ።

አባየ ማጭዱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ወኪሉ በአረብኛ የተናገረውን አባየ ቀስ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «ልጁ ከሆነ ሳያውቅ ነው፤ ምከረው ይላል። ውሻው ዚር መክፈት ለምዶ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ከዚህ ይውጣ ይላል። አንተ ነህ?»

የአባየን እጅ አየሁ፤ ከባድ እጅ ነበር።

«እኔ አይደለሁም። እሱ ራሱ ነው» አልሁ።

መከታ ስሙ የተጠራ መስሎት ጅራቱን ቆላ።

ከሰዓት በኋላ ስኳር የጫነ ሎሪ ወደ ገላባት ሲያልፍ አባየ አስቆመው። ድንበሩ ላይ ከለቀቁት ቤቱን ያውቃል ብሎ ሾፌሩን ለመነ። መከታን ከስኳሩ ጆንያ ላይ ጭኖ በገመድ አሰረው፤ ፈታው፤ እንደገና አሰረው፤ ደግሞ ፈታው። በየመካከሉ ወደ እኔ ይመለከታል። እኔ እግሬን እግሬን አያለሁ። ሎሪው ሲነሣ መከታ አልጮኸም። ነገሩ እንዳልገባው ሰው አንድ ጆሮውን አቁሞ፣ አቧራው እስኪውጠው ድረስ እኔን ያይ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ሐጃ ዘይነብ የተሰበረ ዚር ቂጥ ይዛ መጣች። ጣሳዋን ማታውኑ በአፈር ፈትጋ፣ ሰባት ጊዜ አጥባ ሰቅላዋለች፤ ለእሷ ነገሩ በዚያው አልቋል። ያን ገል ከዚሩ ሥር፣ ጠብታው ከሚያርፍበት አስተካክላ አስቀመጠችና፣ «ያ ወለዲ፣ ከልብህ ወዴት አለ?» አለችኝ። ልጄ፣ ውሻህ የታለ ማለቷ ነው፤ ከልብ በእነርሱ ቋንቋ ውሻ ነው። ገሉ እስኪሞላ ቆሜ አየሁት፤ አጨዳው እስኪያልቅም ከንብ በቀር የጠጣበት የለም።

አገራችን ስንገባ መከታ ቤት አልነበረም። አንድ መንገደኛ፣ ዶካ ከሥጋ ሻጮቹ አካባቢ አንድ ጆሮ የሌለው ቀይ ውሻ አየሁ ብሎ ነገረን። በየዓመቱ ለሰሊጥ ስሻገር በዶካ ሳላልፍ አልቀርም ነበር። በመጨረሻ ኑሮዬም እዚሁ ሆነ፤ ሰው ሲጠይቀኝ የሥራ ነገር ነው እላለሁ።

አባየ ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ሲደክም፣ እውነቱን ነገርሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «ድንጋይ የተጫነበትን ክዳን የሚያነሣ ውሻ የት አለ? ያን ገመድ እያሰርሁ የፈታሁት ለምን ይመስልሃል?»

እኔ የፈራሁት ዱላውን ነበር፤ እሱ የጠበቀው አንዲት ቃሌን። ምነው ያኔ በዱላው አጥንቴን ሰብሮት በነበር እላለሁ አሁን፤ አጥንትስ ይጠገናል።

የአሮጌውን ዚሬን ቂጥ አልጣልሁትም። ከአዲሱ ሥር፣ ከጠብታው ትክክል አኑሬዋለሁ። የሰፈሩ ውሾች ለምደውታል፤ ቀትር ላይ እየመጡ አጎንብሰው ይጠጣሉ። እኔም ከወንበሬ ሆኜ ራስ ራሳቸውን አያለሁ። ሁሉም ሁለት ሁለት ጆሮ አላቸው።