መስማት ያቆመችው ሳተላይት

ዝድራቭካ ቴርዚዬቫ ሶፊያ ከተማ ውስጥ ከእኛ ጋር በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ እንጀራዋ ስለ ሞት ማሰብ ነበር። የሰው ሞት አይደለም፤ የጫማ ካርቶን የምታህል ሳተላይት ሰማይ ላይ በምን በምን ልትሞት እንደምትችል ነው። ኮምፒውተሯ ቢደነዝዝ ማን ይቀሰቅሰዋል? ካሜራዋ ቢያብድ ሬዲዮውን ይዞት እንዳይወድቅ ምን ይለያያቸዋል? ሶፍትዌሩን የምትነድፈው እንደ ቤት ነበር፤ አንዱ ክፍል በእሳት ቢያያዝ በሩ ተዘግቶ ሌላው እንዲተርፍ። ሰሌዳው ላይ ሣጥን ትስላለች፣ ትደመስሳለች፣ ደግሞ ትስላለች። ምሳዋን እንኳ ቆማ ነበር የምትበላው።

በንድፏ ውስጥ አንዲት ሕግ ነበረች፦ ሳተላይቷ ለሳምንት ከምድር ምንም ካልሰማች ጥፋቱ የራሴ ነው ብላ፣ በኋላ የተጫነላትን ሁሉ ትታ ማንም ወደማይነካው የመጀመሪያ ፕሮግራሟ ትመለሳለች።

«ይቺን አውጪልኝ» አላት አለቃችን ክራሲሚር።

«ለምን ሲባል?»

«ነሐሴ ላይ ማን ትእዛዝ ይልክላታል? አገሩ በሙሉ ለዕረፍት ጥቁር ባሕር ይወርዳል። የአንቴናው ዘበኛ እንኳ ቁልፉን ይዞ ነው የሚጠፋው። እኛ አሸዋ ላይ ስንጠበስ እሷ የተማረችውን ሁሉ ረስታ ትጠብቀናለች።»

«አንድ ሰው ይቀመጣላ!»

«ማን? አንቺ? እስቲ መጀመሪያ ለባልሽ ንገሪው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች፤ ሕጓም በዚያው ወጣች። ክፉ ውሳኔ ሁልጊዜ ፊቱን አኮሳትሮ የሚመጣ ይመስለናል።

ሳተላይቷ መጠቀች፤ የብርዱን ወራት ሙሉ በደህና ሠራች። በጸደይ ለካሜራዋ ተብሎ አዲስ ፕሮግራም ተዘጋጀላት። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ለዚሁ ተብላ ምድር በቀረችው፣ ጠረጴዛ ላይ ባለችው መንትያዋ ተሞከረ፤ ሠራ። ነገር ግን ሳተላይቷ ከመምጠቋ በፊት የመንትያዋ ሬዲዮ ተነቅሎ ለላይኛዋ ተሰጥቶ፣ በምትኩ አዲስ ዓይነት ገብቶላት ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያን ዕለት ግን ለማንም ትዝ አላለውም። በአዲሱ ሬዲዮ ብቻ የተሞከረው ፕሮግራም የላይኛዋን ሬዲዮ አፉን ከፈተ፤ ጆሮውን መክፈት ግን አላወቀበትም።

በላያችን ስታልፍ «ሁሉም ደህና» የሚለውን የተለመደ መልእክቷን ላከች። ዝድራቭካ ትእዛዝ ላከችላት። መልስ የለም።

«ድገሚው» አለ ክራሲሚር።

«ደገምኩት እኮ።»

«እንደገና!»

ከአድማስ በታች ወረደች። ክራሲሚር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ሕግሽ…» ሲል ጀመረ።

«የለችም። አንተ አውጪ አልክ፤ እኔ አወጣሁ።»

ሳተላይቷ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲደነዝዝ የሚቀሰቅሰው የዘብ ፕሮግራም አልተነሣም። ለምን ይነሣል? ኮምፒውተሯ አልደነዘዘም። ራሷን ትጠይቃለች፣ ለራሷ ደህና ነኝ ብላ ትመልሳለች። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መንግሥትም።

በአርባኛው ቀን የቢሮው ወጣቶች በአገሩ ልማድ የሳተላይቷ ፎቶ ያለበትን፣ ጥቁር ክፈፍ የዞረበትን የሙት ማስታወቂያ በራችን ላይ ለጠፉ። ዝድራቭካ ቀደደችው።

«ያልሞተን አትቅበሩ!»

«ታዲያ ምን እንበላት፣ እትዬ?»

«እየለፈለፈች አይደለም እንዴ!»

ከጎረቤት አገር ትልቅ አንቴና ተዋሰች፤ ባልተሞከረ ድምፅና ኃይል ሁሉ ጠራቻት። ባሏ ልጆቻቸውን ይዞ ያለ እሷ ባሕር ወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳተላይቷ በላያችን ባለፈች ቁጥር «ሁሉም ደህና» አለች፤ እየወረደች እየወረደች ሄዳ አየሩ ውስጥ ተቃጠለች። የመጨረሻውን መልእክቷን ባሕሩ ዳር ቫርና ከተማ ያለ አንድ የሬዲዮ አፍቃሪ ጡረተኛ ቀድቶ ላከልን። ያው ነበር።

በማግስቱ ዝድራቭካ በአገሩ ለሙት መታሰቢያ የሚቀመሰውን፣ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ይዛ መጣች። ክራሲሚር አማተበ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይለት በማንኪያ ዘገነ።

«እግዜር ነፍሷን ይማር።»

«እሷን ተዋት» አለችው። «እኔን ይማራት በልልኝ።»

ማንም አልሳቀም። በዚያው ወር ሥራ ለቀቀች። አሁን ከተማው ዳር ያለ አንድ የሊፍት ፋብሪካ ውስጥ ፕሮግራም ትጽፋለች። ለምን ሊፍት ብዬ ብጠይቃት፣ «ውስጥ የቀረ ሰው ቢያንስ በር ይደበድባል» አለችኝ።