የተወለወለው ጭቃ

አቶ መርሻ ይልማ ባለፈው ማክሰኞ ወሎ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ለቅሶው ላይ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው፣ አቶ መርሻ የጨው ሊቅ ሆነው ሳሉ ጨውን ሻጋታ መስሏቸው መወልወላቸውን አንሥቶ ሰውን አሳቀ። ይህን የምጽፈው ያ ወሬ እውነት ስላልሆነ ነው።

አቶ መርሻ በደርግ ጊዜ የአንድ ጨዋማ ሐይቅ ጭቃ በረጅም ቧንቧ እያወጡ ያጠኑ ነበር። ልጄ ሠናይት በቤተ ሙከራቸው ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ገርጂ ቤታችን ሲመጡ ሥራቸውን አስረድተውኛል። «እትዬ አስካለ፣ ሐይቁ ሲጎድል ጨዉ ይበረታል፤ ነጭ ማዕድን ከሥሩ ይዘቅጣል። ዝናብ ሲሞላው ደግሞ ጥቁር ጭቃ ይተኛበታል። እኛ ድርብርቡን አይተን የድሮውን ድርቅ እናውቃለን።»

ሠናይት በተቀጠረች በሁለተኛው ወር የደረቀው ጭቃ ላይ ነጭ ነገር አየች። ነጭ ያወጣ ዕቃ ሳይወለወል እንዳይቀመጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እርጥብ ጨርቅ አንሥታ ሁሉንም ወለወለችው።

«ጋሼ፣ ሻግቶ ነበር፤ አጸዳሁት» አለቻቸው።

«ሻግቶ? አንቺ ልጅ፣ ልንለካው የጠበቅነውን ጨው እኮ ነው የጠረግሽው!» ራሳቸውን ያዙ፤ ቆይተው ሳቁ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አልሳቀም። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ያበላሸ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰር ነበር። ስብሰባ ተጠራ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ዋልኩ።

ሠናይት እንደ ነገረችኝ፣ «ማን ነው ይህን ያደረገ?» ሲል ካድሬው ጠየቀ።

ሠናይት ልትነሣ ስትል አቶ መርሻ ቀደሟት። «እኔ ነኝ። ሻጋታ መስሎኝ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ቁጣውን አበረደው። አልታሰሩም፤ ግን ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄዱ የነበረው ቀረባቸው። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ሻጋታ» ተባሉ።

በማግሥቱ ድፎ ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው። ቆርሰው ቀመሱና «እትዬ፣ ጨው አንሶታል። ይህንንም ሠናይት ወልውላዋለች?» አሉኝ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ። «እኔ እስካለሁ ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።»

በዓመት ዕረፍታቸው በተወለወለው ምትክ ሌላ ጭቃ ሊያወጡ ሠናይትን ይዘው ወደ ሐይቁ ተመለሱ። ውሃው ከበፊቱ ርቆ ሸሽቶ ነበር። አዲሱን ጭቃ እስከ አዲስ አበባ ያስያዟት እርሷን ነው። ዛሬ ቤተ ሙከራው አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሠናይት መጀመሪያ የምታሳየው ያንን ነጭ ነገር ነው።

አቶ መርሻ፣ ቃሌን እስከ ማክሰኞ ጠብቄያለሁ። ሠናይትም ይጻፍ ብላኛለች። ጭቃውን የወለወለችው እርሷ ናት፤ ያስተማርኳትም እኔ። በቀብርዎ ላይ አፈር ስታለብስዎ ከጎኗ ቆሜ አየኋት፤ ልጄን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ስምዎን እንደ ነበረ ይውሰዱት። ጌታ ያሳርፍዎ።