ኢንጂነሩ የገረዘው ወይን

ሰውዬውን መንደሩ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለዋል። ኢንጂነርነቱን ከየት አመጣው ካላችሁኝ፣ ከኪሱ! ኪሱ ውስጥ አንዲት ሜትር አትጠፋም። አጥር ይለካል፣ በር ይለካል፣ የተቀመጠ ሰው አስነስቶ ወንበሩን ይለካል። ለክቶ የሠራው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ወይን ከማያውቅ አገር የመጣ የታናሽ እህቴ ባል ነው። ምን ላድርግ፣ እኔ መርጬ አላመጣሁት።

እኛ ሰፈር ከወይን ሌላ ሥራ የለም። ስለዚህ ሕፃኑም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወይን የሚያፈራው አምና ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሲገረዝ ከአምናው ሁለት ሁለት አንጓ ይተውለታል። እሱን ጠርጎ የቆረጠ ሰው ዘንድሮ የሚለቅመው ቅጠል ነው። ወይናችንን በየተራ የምናስጨምቅበት መጭመቂያ ቤት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ምርት ባዶ እጁን የቀረ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። እህቴ ያላት አባታችን የተወላት ማሳና ያቺው የመጭመቂያ ተራ ብቻ ናት።

በመግረዣው ሰሞን እህቴ ከመሰላል ወድቃ እጇ ተሰበረ። ኢንጂነሩ መቀሱን አነሳ።

«እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ?» አላት።

ጉድ እኮ ነው! ሲባጎ ወጥሮ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣ የአምናውን ቅርንጫፍ በሙሉ ከግንዱ ላይ ሙልጭ አድርጎ ይቆርጠዋል። ሁለት መስመር እንደጨረሰ በአጥሩ በኩል ሳልፍ አየኝ።

«እትዬ! ነይ እስኪ እዪ! ወይን እንዲህ ነው የሚገረዘው። የእናንተው እኮ ማበጠሪያ ያልነካው ጸጉር ነው የሚመስለው!»

ደሜ ፈላ። ግን፣ «አንተ ከያዝከው ምን ይወጣለታል!» አልኩት። ደረቱን ነፋ፣ ከንቱ! ይዋረድ፣ አገር ይሳቅበት ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆረጠ።

ለቀማ ደረሰ። የእህቴ ማሳ ቅጠሉ ለጉድ ነው፤ ዘለላ ግን ለመድኃኒት የለም። መንደርተኛው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አፈሩ ነው፤ ሳልለካው ቀርቼ» አለ። በዚያው ሳምንት ተራዋ ለጎረቤቷ ተሰጠ።

አሁን እህቴ በቀን ሥራ የእኔን ወይን ትለቅማለች። የተሰበረው እጇ በደንብ አልጠገነም፤ መቀሱን በግራዋ ነው የምትይዘው። ትናንት አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ሆነን ስንለቅም ቀና ብላ አየችኝ።

«እታለም፣ ያኔ እጄ ታስሮ የተኛሁ ጊዜ፣ ‹ማሳውን አየሽው ወይ?› ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?»

«ጠይቀሽኛል።»

«‹ጥሩ አድርጎ ይዞታል› አላልሽኝም?»

ጎንበስ ብዬ አንድ ዘለላ ቆረጥኩ። ከመስመሩ ጫፍ ያ ከንቱ ቅርጫቶቼን በሜትር ይለካል። እንትፍ ልልበት አሰብኩና ምራቄ ደረቀ። እሱስ አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር።