ለእማማ አስካለ የነገርኳቸው

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሀበሻ ሱቅ ገብቼ ቃሪያ ስመርጥ ሰናይትን አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። እሷም አየችኝና ጋሪዋን ወደ ሌላው መደርደሪያ አዞረች። አልተቀየምኳትም።

ከእሷ ጋር ስንተዋወቅ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ለሐበሻ ሕሙማን ማስተርጎም ነው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ተነስቼ አሌክሳንድሪያ እወርድና እስከምሠራበት ክሊኒክ ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። አንድ ቀን፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ እርጥብ ቢጫ ቅጠል ጫማዬ ላይ ተለጥፎ ነው ክሊኒኩ የደረስኩት።

የዚያን ቀን ታካሚ እማማ አስካለ ይባላሉ። ከጎንደር ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ገና ከመቀመጤ ከቦርሳቸው በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አውጥተው ቆረሱልኝ። ጥቁር አዝሙዱ ያውዳል።

«ብዪ፣ ቁርስ የበላሽ አትመስዪም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ሰናይት ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

«ትናንት ከክሊኒኩ ኮል አድርገው ነግረውኛል፤ ካንሰር ነው። እባክሽ ቃሉን አትጥሪባት። ቁስለት ነው በያት። ተስፋ ከቆረጠች አለቀላት።»

«የተባለውን ሁሉ ላስተላልፍ ፈርሜያለሁ» አልኳት።

«አንቺም እናት አለሽ አይደል?»

ሐኪሙ ረጋ ብሎ ተናገረ። እኔ ወደ ሰናይት ዞርኩ። እማማ አስካለ ፊቴን አዩና «ምን አለ ልጄ? ለኔ እኮ ነው የተናገረው» አሉኝ። ነገርኳቸው። ካንሰር መሆኑን፣ ጉበታቸው ላይ መድረሱን፣ ሕክምናው ዕድሜ ቢጨምር እንጂ እንደማያድን። ሰናይት ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ እማማ አስካለ ውድብሪጅ ለሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ደወሉ። በውርስ ቤት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። እህትየው መጥተው እስከ መጨረሻው አስታመሟቸው። እማማ ግን ሕክምናውንም ምግቡንም እምቢ አሉ። የገና በዓል ሳይደርስ አረፉ።

ለቅሶ ሄድኩ። ሰናይት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በአፍሽ ገደልሻት» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት አክስቷ ደግሞ እጄን ይዘው «አንቺ ባትነግሪያት ሳንታረቅ ትለየኝ ነበር» አሉኝ። ሁለቱም የሚናገሩት እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ስላደረግኩት አንድ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደግ ሥራና ክፉ ሥራ ሲያዩት የሚለይ ይመስለኝ ነበር።

አምና እናቴ ታመመች። ሐኪም ቤቱ ዘመድ እንዲያስተረጉም ስለማይፈቅድ ሌላ አስተርጓሚ ተመደበልን። ኮሪደር ላይ አስቆምኩትና ቃሉን እንዳይጠራባት ለመንኩት። ይቅርታ ጠይቆኝ ገባ፤ ሁሉንም ነገራት። እኔ ብሆንም እንደሱ ነበር የማደርገው። ሲወጣ ግን እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥኩትም።