የቀረችው ጎረቤታችን

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጌታ አማኞቹን ድንገት ወደ ሰማይ ነጥቆ ሲወስድ ከሆሳዕና ሰው ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር በልቤ ለይቼ ጨርሼ ነበር። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሳምንት ሙሉ ስለ መጨረሻው ዘመን አስተማረ። ትምህርቱን በቀለም የሣለበት ረጅም አቡጀዲ ነበረው፤ ማኅተሞቹ፣ መለከቶቹ፣ ሰባት ራስ ያለው አውሬ፣ ሁሉም በተራ ተደርድረዋል። የአቡጀዲውን አንድ ጫፍ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ክንዴ ቢዝልም አላወርደውም፤ ሕዝቡ እኔንም ያየኛላ!

ከዚያ በኋላ የቤቱን ሰው መቀመጫ አሳጣሁት። በሳሙናና በደብተር ጀርባ ላይ ያሉትን ጥቋቁር የባርኮድ መስመሮች የአውሬው ምልክት ናቸው እያልኩ ቀድጄ ጣልኩ። የሒሳብ ደብተሬ ያለ ሽፋን ቀረ። እናቴ ግን "ጌታ ሲመጣ ሥራ ላይ ያግኘኝ" ትልና ወደ ጓሮዋ ትወጣለች። እገሌ ይቀራል የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ አንድም ቀን አልሰማሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከአጥራችን ወዲያ የምትኖረው ጎረቤታችን ካቶሊክ ነበረች። "አማ" እላታለሁ፤ በሀዲይሳ እናት ማለት ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ በታመመች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ያበላችኝም፣ ፀጉሬን የሠራችኝም እሷ ናት። ሁለቱ እንሰት የሚፍቁት አብረው ነው፤ አንድ ቀን የእኛን፣ ሌላ ቀን የእሷን። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከሚቀሩት መካከል መጀመሪያ ያስቀመጥኳት እሷን ነበር። አንገቷ ላይ ያለውን መቁጠሪያ ባየሁ ቁጥር አዝንላታለሁ፤ ማዘኔ ደግሞ ያኮራኛል።

ሰባኪው በመጨረሻው ቀን፣ በወንጌል ስላሉት አብረው ስለሚፈጩ ሁለት ሴቶች ተናገረ። አንዷ ትወሰዳለች፣ ሌላዋ ትቀራለች። "እዚህ አገር ቢሆን እንሰት ሲፍቁ ነበር የሚገኙት" ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሁለት ሳንቃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንዱ ሥር አማ አንድ እግሯን አንሥታ እንሰቱን ሳንቃው ላይ ረግጣ ትፍቃለች። በሌላው ሥር ማንም የለም። የእናቴ የቀርከሃ መፋቂያ መሬት ላይ ወድቋል፣ እንሰቷ በግማሽ ተፍቆ ቀርቷል፣ ነጠላ ጫማዋ ባለበት አለ።

"አማ፣ እናቴ ተነጠቀች! እኔ ቀረሁ! ካንቺ ጋር ቀረሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆነሻል ልጄ?" አለች አማ። "የባለ ጋሪው ሚስት ምጥ ይዟት እናትሽን ሲጠሯት ጊዜ በባዶ እግሯ ሮጠች። ሥራው እንዳይበላሽባት ልጨርስላት ብዬ ነው።" ከዚያ ያልኩት ነገር ዘግይቶ ገባት መሰለኝ፣ እጇ ቆመ። "ካንቺ ጋር ማለት? እኔ ታዲያ የምቀር ነኝ?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ሲያመልጥ ግን በደንብ ታውቆኛል።

"እናትሽ ናት እንዲህ የምትለው?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። የራሴ ሐሳብ ነው ብላት ግን የምትጠላኝ መሰለኝ፤ አማ እንድትጠላኝ አልፈለግሁም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

አማ የቀረውን እንሰት ፋቀች፤ የእናቴንም ድርሻ ፋቀች። እንዲቦካ ጉድጓድ ውስጥ ጨምራ በቅጠሉ ሸፈነችው፣ ድንጋይም ጫነችበት። እጇን ታጥባ ሄደች። እናቴ አመሻሽ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ እያለች መጣችና ሥራው ሁሉ ተጠናቅቆ ስታየው፣ እጇን ዘርግታ አማን መረቀቻት።

ሁለት ሺህ ገባ፤ ምንም አልሆነም፤ ሚኒስትሪ ተፈተንኩ። አማና እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ አብረው አልፋቁም። እናቴ ስትጠራት አንዴ ወገቤን አሞኛል፣ አንዴ እንግዳ አለብኝ ትላለች። ለልቅሶም ለደስታም ትመጣለች፣ ግን እንደ ሩቅ ሰው በር አጠገብ ትንሽ ተቀምጣ ትነሣለች። እናቴ "ምን በድያት ይሆን?" እያለች ከሳች። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልትልክባት አስባ፣ "ተይ፣ እርጅና ነው" ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ በዚህ አፍራለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ እላለሁ፤ "እርጅና ነው" ስል ግን መምህራን ኮሌጅ ገብቻለሁ።

አማ የሞተችው ሞርሲቶ ከተማ ሳስተምር ነው። ለቀብሯ መጥቼ ከእናቴ ጋር ቆምኩ። ካህኑ ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲያነቡ እናቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስንመለስ ጋሪ ላይ ክንዴን ያዘችና፣ "ምን እንዳጠፋሁባት ሳትነግረኝ ሄደች" አለችኝ።

አሁን ንገሪያት አልኩ ለራሴ። አፌንም ከፈትኩ። እናቴ ግን እንባዋን ጠርጋ ቀደመችኝ።

"ግድ የለም፣ ጌታ ሲመጣ አብረን እንነሣለን። ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ትነግረኛለች።"

አፌን ዘጋሁ። እናቴ አሁን በጣም አርጅታለች። ጠዋት ጠዋት ጌታ ቶሎ እንዲመጣ ትጸልያለች፤ እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ አሜን ማለት ያቅተኛል።