ማንኮራፋት የማይሰማበት ጋቢና

መኪናዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ አለ። በቀደም ከጫንጮ ስመለስ መሸብኝና በዚያ ጭጋግ እንጦጦን ከምወርድ ብዬ፣ ሱሉልታ አንድ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ ዘበኛውን አስፈቅጄ ለማደር ቆምኩ። ብርድ ልብሱን አውጥቼ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ስንቴ ታጥቧል፣ የወተቱ ሽታ ግን አሁንም አለ። ወይም አለ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ልጅ እያለሁ ብዙውን ሌሊት ያደርኩት ከዚያ ማደያ ብዙም በማይርቅ መስክ ዳር፣ በአባዬ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። አባዬ ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። ላሞቹ የሚታለቡት ሳይነጋ ስለሆነ መኪናው እዚያው ማደር ነበረበት። እናቴ ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ፣ ቡራዩ በተከራየናት ክፍል ብቻዬን ሊተወኝ አንጀቱ አልቻለምና ይዞኝ ይዞር ጀመር። ጠዋት ወተቱን አራግፎ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ያወርደኛል። ልጆቹ «ወተቴ» ይሉኝ ነበር። ስም አወጡልኝ እንጂ አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም።

አባዬ ጋቢናውን ቤት ለማድረግ ያልሞከረው የለም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ያቆማል፤ «ክፉ ቢመጣ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው» ይለኛል። ጎማው ስር ድንጋይ ይወትፋል። በወንበሮቹ መሀል ያለውን ክፍተት በጆንያ ሞልቶ ፍራሽ ያነጥፋል፤ በላስቲክ ጠርሙስ ያለ ሙቅ ውሃ በካልሲ ጠቅልሎ እግሬ ስር ያደርግልኛል። መስኮቱ ግን በዚያ ብርድ እንኳ አንድ ጣት ያህል ክፍት ነው። አንድ ምሽት ኦቦ ደገፋ፣ መኪናችን ደጃቸው የሚያድረው ሽማግሌ፣ አዝነውልኝ በጣሳ የከሰል ፍም ይዘውልኝ መጡ። አባዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገናቸው። በኦሮምኛ «ነጋ ቡላ»፣ ደህና እደሩ፣ ተባብለው ሲለያዩ ግን ፍሙን ራቅ አድርጎ ደፋው። «ብርድ ያስለቅሳል እንጂ አይገድልም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል ግን ሳያስለቅስ ነው የሚገድለው» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። አባዬ ቡራዩ ሲተኛ ማንኮራፋቱ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ አከራያችን «አይሱዙውን ቤት ውስጥ አስነሳኸው እንዴ?» እያሉ ያሾፉበታል። ጋቢና ውስጥ ግን ድምፁ አይሰማም። የጅብ ጩኸት ቀስቅሶኝ «አባዬ» ስል ወዲያው «አለሁ» ይለኛል። እኔ ሞኟ፣ ጋቢና ማንኮራፋት ያድናል ብዬ ነበር የማስበው።

የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ሰበታ ይኖሩ ነበር። «ሴት ልጅ መኪና ውስጥ አታድርም፤ እኔ ዘንድ ትምጣ» እያሉ ይጨቀጭቁታል። ለእኔ ሰበታ መሄድ ማለት አባቴንም ማጣት ነበር። እናቴን ሸኝቻለሁ፣ ሌላ ሰው መሸኘት አልችልም። ስለዚህ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ እንኳ «ሞቆኛል» እላለሁ። ሳል ሲመጣብኝ ብርድ ልብሱን ነክሼ አፍነዋለሁ።

አባዬ በመጨረሻ «እታለም፣ እስቲ አንድ ሌሊት እደሪና እይው» አላቸው። መጡ። ፍራሹን ዳበሱ፣ ሙቁን ጠርሙስ ነኩ፣ ምንም ሳይነቅፉ አጠገቤ ተቀመጡ። ጭናቸውን ተንተርሼ፣ አሸነፍን ብዬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ድምፃቸው ቀሰቀሰኝ፤ ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።

«ቤትህ እንከን አይወጣለትም» ይሉታል ቀስ ብለው። «ልጅቷ ሞቋታል፣ ደልቷታል። አንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንዴ እንኳ ዓይንህን አልከደንክም። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታድረው?»

አባዬ መስታወቱን በጨርቅ ሲወለውል ይሰማኛል።

«እንቅልፍ አጥተህ፣ ይሄን ሁሉ ወተት ጭነህ እንጦጦን ስትወርድ አንድ ቀን ብታሸልብስ? ያኔ ይቺ ልጅ ማን አላት?»

«ታዲያ እኔ ብተኛ በሩን ማን ይጠብቅ?» አለ። ድምፁ እንዲያ ደክሞ ሰምቼው አላውቅም።

«አልሄድም» ልል ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። ተነስቼ ጫማዬን አደረግሁ፣ ደብተሮቼን ሰበሰብኩ። አባዬ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ እቅፌ ላይ አስቀመጠልኝና «ሰበታ እንኳ ይሞቃል» አለኝ። ይሞቃል፣ እውነቱን ነው። እዚያ የራሴ አልጋ ነበረኝ። ሌሊት እየባነንኩ «አባዬ» ማለቴን ግን ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ያ መስክ ዛሬ አጥርና ፎቅ ነው፣ የኦቦ ደገፋን ደጅ ፈልጌ አጣሁት። የእኔ መኪና ወንበር እንደ አልጋ ይዘረጋል፤ ጆንያ አያስፈልገውም። እንዲያም ሆኖ ማደያው ግቢ ውስጥ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞርኩ፣ ጎማዋ ስር ድንጋይ ወተፍኩ፣ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፈትኩ። ዘበኛው ባትሪውን አብርቶ «ብቻሽን ነሽ እንዴ፣ እህቴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመሪው በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው። ያኔ ማንኮራፋት አለመሰማቱ አባዬ ነቅቷል ማለት ነበር። በዚያም ሌሊት ምንም አልተሰማም። እስኪነጋ ድረስ በሩን እኔው ጠበቅሁ።