የኦቦ ቱሉ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት ሮቤ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሁለተኛ ወፍጮውን አስመረቀ። የጫኝና አውራጆቹ ደሞዝ ግን ወፍጮው አንድ ሳለ የነበረው ነው።

ባለቤቱ ስለ እድገት ሲያወራ ቆይቶ፣ እንደ ልማዱ አንጋፋውን አውራጅ ጠየቀ፦ «ኦቦ ቱሉ፣ ይመርቁን።»

እጃቸውን ዘረጉ። «ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ!»

«አሜን!»

«የሲናና ስንዴ ይብዛ!»

«አሜን!»

«ልጄ፣ ትርፍህም እንደ ደሞዛችን ካለበት ንቅንቅ አይበል!»

«አሜን!» አልን ሁላችንም፣ ባለቤቱ ጭምር። አፍ ለምዶበታል። (እኔ እንኳ ሰምቼ፣ አስቤበት ነው ያልኩት።)

ባለቤቱ ደነገጠ። «ኦቦ፣ ይሄማ እርግማን ነው! ይመልሱልኝ እንጂ።»

«ደሞዛችን ሲጨምር» አሉና ተቀመጡ።

እናንተ ጋ እንዲህ ያለ አሜን ተብሎ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ባለቤቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስለ ደሞዙ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። እስከዚያ ምርቃቱ እንደጸና ነው።